እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ

እስቲ ስልካችሁን ክፈቱና ለሁለት ደቂቃ ያህል ወደ ላይ እየገፋችሁ ተመልከቱ። በፖለቲካው ክርክርና በሠርጉ ቪዲዮ መካከል አንዲት ከክር የተሠራች ንብ ብቅ ትላለች። ቀጥሎ ጉንጩ የቀላ አቮካዶ፣ ከዚያ ስምንት እግሯን የዘረጋች ኦክቶፐስ፣ ከዚያ ደግሞ ኮፍያ ያደረገች እንቁራሪት ትመጣለች። ‹‹ውይይይ ስታምር!›› እንላለን። ልብ እንሰጣታለን፤ እናልፋለን። ዋጋዋ ከሥሯ የተጻፈ ከሆነ ግን አናልፍም። ቆም ብለን ‹‹እንዴ! ለክር ነው ይሄ ሁሉ?›› ብለን እንጽፋለን።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ‹‹ለክር ነው?›› ስለምትል ጥያቄ ነው። መልሱን በክርክር ልናሳምናችሁ አልተነሳንም። ክርና ኪሮሽ ይዛችሁ፣ በገዛ እጃችሁ እንድታገኙት ነው የምንፈልገው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አሻንጉሊት ከመጀመሪያዋ ቋጠሮ እስከ መጨረሻዋ ስፌት እንዴት እንደምትሠራ እንነግራችኋለን። ‹‹ይሄ የሴቶች ወሬ ነው›› ብሎ ገጹን ሊዘጋ የተዘጋጀ ወንድም ካለ፣ እባክህ ትንሽ ቆይ። ያንተም ጉዳይ አለበት።

ማን ሠራው?

ጋዜጠኝነት ስንማር ከሁሉ በፊት ያስያዙን ስድስት ጥያቄዎች አሉ፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። ዕቃ ስንገዛ ግን ‹‹ምንድን ነው?››፣ ‹‹የት ይገኛል?›› እንልና ‹‹ስንት ነው?›› የምትል ሰባተኛ እንጨምራለን። ‹‹ማን ሠራው?›› የምትለዋ የመጀመሪያዋ ጥያቄ ትረሳለች። ፋብሪካ ነዋ! ሌላ ማን ይሠራዋል?

ለብዙ ነገር ይህ መልስ ልክ ነው። የለበሳችሁትን ሹራብ ማሽን ሳይሠራው አልቀረም፤ ካልሲያችሁንም እንዲሁ። ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ ካልሲ የሚሠራ ማሽን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ሹራብ ለማሽን ይመቻል። ዘለበቶቹ ሁሉ እንደ ወታደር በመርፌ ላይ ተሰልፈው ስለሚጠብቁ ማሽኑ ረድፉን ባንዴ ይሠራዋል።

ኪሮሽ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ መንጠቆ ነው፤ መንጠቆው ላይ ያለው ዘለበትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። አንዷ ጥልፍ ተሠርታ ሳታልቅ ሌላዋ አትጀመርም። መንጠቆው የት ቀዳዳ እንደሚገባ፣ ክሩ ምን ያህል እንደሚሳብ የሚወስነው ዓይንና ጣት ነው። በኪሮሽ ስም የሚጠሩ የፋብሪካ ማሽኖች አሉ፤ የሚያወጡት ግን ኪሮሽ የሚመስል ጥብጣብና ጨርቅ እንጂ እውነተኛውን የኪሮሽ ሥራ አይደለም። የእጁን ሥራ ሙሉ በሙሉ ተክቶ አሻንጉሊት እየቆለለ ለገበያ የሚያወጣ ማሽን እስከ ዛሬ አልመጣም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በኪሮሽ የተሠራች አሻንጉሊት በየትኛውም ሀገር፣ በየትኛውም ሱቅ ብታዩ፣ ዋጋዋ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥልፍ በጥልፍ ሠርቷታል። ርካሽ ከሆነች የረከሰው ክሩ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰው ሰዓት ነው የረከሰው።

ስሙ ጃፓንኛ፣ ጥበቡ የቤታችን

እነዚህ የክር አሻንጉሊቶች በዓለም ላይ የሚታወቁበት ስም ‹‹አሚጉሩሚ›› ነው። ጃፓንኛ ነው፤ በክር መሥራትን ከሚያመለክተው ‹‹አሚ›› እና የተጠቀጠቀ አሻንጉሊት ማለት ከሆነው ‹‹ኑይጉሩሚ›› ከተባለው ቃል የተዋቀረ። ጃፓኖች ‹‹ካዋይ›› የሚሉት አንጀት የሚበላ ቁንጅና መለያው ነው፤ ትልቅ ራስ፣ ትንሽ ገላ፣ ራቅ ራቅ ብለው የተቀመጡ ዓይኖች። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሰዉን ቤቱ ሲያስቀምጠው ደግሞ ብዙ ወጣት ኪሮሽ አነሳ።

ጥበቡ ግን ለእኛ ቤት እንግዳ አይደለም። ዳንቴል የምትባለዋን ታውቋታላችሁ አይደል? ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሶፋው ራስጌ ላይ፣ ቴፑ ላይ ትነጠፍ የነበረችውን፣ ዳሯ እንደ አበባ የተጠረበችውን ነጭ ጨርቅ? እሷ በኪሮሽ ነው የምትሠራው። ‹‹ኪሮሽ›› ራሱ ትንሽ መንጠቆ ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው ‹‹ክሮሼ›› የመጣ ነው፤ ‹‹ዳንቴል››ም የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ቃሎቹ ባሕር ተሻግረው መጡ፤ እናቶቻችን ጣት ላይ ቆይተው አማርኛ ሆኑ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለና ዳንቴል የሚነጠፍበት ጀርባ አጣ። ዳንቴል ‹‹የፋራ›› ተባለ። ኪሮሹም ከቁልፍ፣ ከመርፌና ከተቆራረጠ ክር ጋር አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገብቶ ተከደነበት።

እዚህ ላይ ነው የሚያስቀው ነገር ያለው፤ ሲቆይ ግን የሚያሳዝን። ዛሬ አንዲት የከተማ ልጅ አሚጉሩሚ መማር ስትፈልግ ስልኳን ግድግዳ ላይ አስደግፋ በማታውቀው ቋንቋ የሚነገር ቪዲዮ እያቆመችና እየመለሰች ትታገላለች። በዚያው ሰዓት ሳሎን ውስጥ፣ ከእሷ አምስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ያንኑ ጥልፍ ዓይኗን ጨፍና የምትሠራ እናት ወይም አክስት ተቀምጣ ድራማ ታያለች። ሁለቱም አያውቁም! ልጅቷ ‹‹አሚጉሩሚ›› የምትለው ነገር የእናቷ ዳንቴል የወንድም ልጅ መሆኑን አታውቅም። እናትየውም ልጇ በስልክ የምታሳድደው ጥበብ በእሷ እጅ እንዳለ አልተነገራትም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን ይሄ ነው፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ‹‹እማዬ፣ ኪሮሽ ትችያለሽ?›› በሉ። አክስትን፣ አያትን፣ የጎረቤት እትዬን ጠይቁ። አሚጉሩሚ ከሚፈልጋቸው እንቅስቃሴዎች መካከል የማታውቁት ሁለት ሦስት ብቻ ቢሆን፣ ቪዲዮ በሁለት ቀን የሚያስተምራችሁን አንዲት እትዬ ጣታችሁን ይዛ በአሥር ደቂቃ ታስይዛችኋለች። ቪዲዮ ክሩን አጥብቃችሁ እንደያዛችሁ አያይም። እሷ ታያለች።

ምን ይገዛ? ምን አይገዛ?

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው።

ክር፦ የሹራብ ክር፣ መካከለኛ ውፍረት ያለው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ክር አትግዙ፤ ቀዳዳው አይታይም። ፀጉራም የሆነውንም ተዉት፤ ተሳስታችሁ ስትፈቱት ይጣበቃል። ቢጫ፣ ክሬም፣ ውሃ ሰማያዊ ጥሩ ነው። እኛ የምንሠራት ጫጩት ስለሆነች ቢጫ ይዛችሁ ጥቂት ብርቱካናማ ጨምሩ።

ኪሮሽ፦ የእናታችሁ ኪሮሽ ለዚህ ላይሆን ይችላል። የዳንቴል ኪሮሽ ለቀጭን ክር የተሠራ ቀጭን ብረት ስለሆነ ወፍራሙን የሹራብ ክር አይጠልፍም። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር እጀታው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ 3 ወይም 3.5 ያለውን ውሰዱ። የክሩ ማሸጊያ ላይ የሚመከር የኪሮሽ ቁጥር ካለ፣ ለአሻንጉሊት ከዚያ ትንሽ ያነሰውን ምረጡ። ምክንያቱም ጥልፉ ጠበቅ ካላለ የተጠቀጠቀው ነገር በቀዳዳው ያያችኋል።

መጠቅጠቂያ፦ ያረጀ ትራስ ውስጥ ያለው ፋይበር ተስማሚ ነው። ጥጥም ይሆናል፤ ግን ሲታጠብ ይጓጉላል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጅበታል። የተቆራረጠ ጨርቅ ደግሞ አሻንጉሊቷን ጎርባጣ ያደርጋታል።

ሌላው ቤት አለ፦ መቀስ፣ ዓይኑ ሰፊ የሆነ መርፌ፣ አንድ መርፌ ቁልፍ። በሱቅ ‹‹ምልክት ማድረጊያ›› ተብሎ የሚሸጠውን ባለ ቀለም ፕላስቲክ አትግዙ። መርፌ ቁልፏ ያንኑ ሥራ ትሠራለች።

አሥር ቀለም ክርና ሙሉ የኪሮሽ ስብስብ ገዝቶ መጀመር የሚወድ ሰው አለ። ይህ ጂም ከመግባቱ በፊት ጫማውን፣ ቱታውንና ጓንቱን ገዝቶ ሁለት ቀን የሄደውን ጓደኛችሁን ያስታውሳችሁ። አንድ ክር፣ አንድ ኪሮሽ። በቃ።

እንቁላሏ

አሁን ወደ ሥራው። አንዷን ስፌት እዚህ ‹‹ጥልፍ›› እንላታለን፤ እናንተ ቤት ሌላ ስም ካላት በስሟ ጥሯት። እንዲያውም ስሟን ጠይቃችሁ ያዙት፤ ስሞቹም አብረው ቆርቆሮ ውስጥ እየተከደነባቸው ነው።

መነሻ፦ ክሩን ልቅ አድርጋችሁ ቋጥሩና ኪሮሹን አግቡ። ክሩን በኪሮሹ ጠልፋችሁ በቋጠሮው ውስጥ ሳቡት፤ አንድ የሰንሰለት ዓይን ሆነ። አንድ ድገሙ። አሁን ሁለት ናቸው። ቪዲዮዎቹ ‹‹አስማተኛው ቀለበት›› የሚሉትን በክር ጣት ላይ ተጠቅልሎ የሚሠራ መነሻ ያሳዩአችኋል። ቆንጆ ነው፤ ግን ብዙ ጀማሪ ተስፋ ቆርጦ ኪሮሹን የሚወረውረው እዚያ ጋ ነው። ለጊዜው ይቆይ።

ጥልፍ፦ ኪሮሹን መጀመሪያ በሠራችኋት የሰንሰለት ዓይን ውስጥ አስገቡ። ክሩን ጠልፋችሁ አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሁለት ዘለበት ይኖራል። ክሩን እንደገና ጠልፋችሁ በሁለቱም ዘለበት ውስጥ ባንዴ አሳልፉት። አንድ ዘለበት ቀረ። ይህች አንድ ጥልፍ ናት። ይህችን ከቻላችሁ ከአሚጉሩሚ ዘጠና በመቶውን ቻላችሁ ብንል አልተጋነነም፤ የቀረው መቁጠር ነው።

1ኛ ዙር፦ በዚያችው በአንዷ ዓይን ውስጥ 6 ጥልፍ ሥሩ። ትንሽ ክብ ሆነች። የመጨረሻዋ ጥልፍ ላይ መርፌ ቁልፏን ስኩ።

2ኛ ዙር፦ ዙሩን ሳትዘጉ፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየዞራችሁ ቀጥሉ። በእያንዳንዷ ጥልፍ ላይ ሁለት ሁለት ሥሩ፤ 12 ይሆናል።

3ኛ ዙር፦ አንድ ጥልፍ፣ ቀጥሎ በአንዷ ላይ ሁለት። ስድስት ጊዜ ደጋግሙት፤ 18።

4ኛ ዙር፦ ሁለት ጥልፍ፣ ቀጥሎ በአንዷ ላይ ሁለት። ስድስት ጊዜ፤ 24።

ከ5ኛ እስከ 9ኛ ዙር፦ ምንም ሳትጨምሩ በየዙሩ 24። ጠፍጣፋዋ ክብ ቀስ እያለች እንደ ሲኒ ትታጠፋለች። ደስ የሚለው ቦታ ይሄ ነው። በውጭ በኩል ትንንሽ የእንግሊዝኛ ‹‹ቪ›› ፊደል የሚመስሉ ምልክቶች ተደርድረው ካላያችሁ ሲኒዋን ገልብጧት፤ ውስጧ ወደ ውጭ ሆኗል ማለት ነው።

10ኛ ዙር፦ መቀነስ ይጀመራል። ሁለት ጥልፍ፣ ከዚያ ቀጣዮቹን ሁለት አንድ ማድረግ። ለመቀነስ፣ ኪሮሹን በሁለቱ ጥልፎች የፊት ለፊት ክር ብቻ አከታትላችሁ አስገቡና እንደ ተራ ጥልፍ ጨርሱት፤ ቀዳዳ አይተውም። ስድስት ጊዜ፤ 18።

11ኛ ዙር፦ ሳትቀንሱ 18።

12ኛ ዙር፦ አንድ ጥልፍ፣ ቀጥሎ ሁለቱን አንድ። ስድስት ጊዜ፤ 12። አሁን በቀዳዳው ጠቅጥቁ። ‹‹በቃት›› ካላችሁ በኋላ ትንሽ ጨምሩ፤ ፋይበር ሲቆይ ይተኛል።

13ኛ ዙር፦ ሁለት ሁለቱን አንድ እያደረጋችሁ 6 ላይ ድረሱ። ክሩን ረዘም አድርጋችሁ ቁረጡ፣ በመርፌ በስድስቱ የፊት ክሮች አሳልፋችሁ ሳቡ። ቀዳዳው ጥርቅም ይላል። ጫፉን ወደ ውስጥ ቅበሩት።

እንቁላል ሠራችሁ። ቁጠሩት፤ 13 ዙር፣ 234 ጥልፍ።

አሁን በብርቱካናማው ክር አሥራ ሁለት ያህል ዓይን ያላት ሰንሰለት ሠርታችሁ፣ ሦስት ጣት እንድትሆን አጣጥፋችሁ ከሥር ስፏት። ሌላም አንድ ድገሙ። በመርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ በመመላለስ ምንቃር አድርጉላት፤ በጥቁር ክር ሁለት ዓይን፣ ራቅ ራቅ አድርጋችሁ። አበው ‹‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል›› ያሉት ለትዕግሥት ነበር። እናንተ እግሩን ሰፋችሁለት።

ሲበላሽ

ይበላሻል፤ አትደንግጡ። የኪሮሽ ትልቁ ደግነት መፈታቱ ነው። ክሩን ስትስቡት እስከ ስሕተቱ ድረስ ይመለስላችኋል። በሕይወት ውስጥ እንዲህ የሚደረግበት ቦታ ብዙ የለም።

ቁጥሩ አልገጥም ካለ፣ መርፌ ቁልፏን በየዙሩ መጨረሻ ላይ ሳታዘዋውሩ ቀርታችሁ ይሆናል። ክቧ ጠፍጣፋ መሆኗ ቀርቶ እንደ ሰላጣ ቅጠል ከተወዛወዘች ደግሞ ከሚገባው በላይ ጨምራችኋል። ለዚህኛው አትፈሩ፤ በዚያው መወዛወዝ የሒሳብ ትምህርት ያስተማሩ አሉ። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚኛ እ.ኤ.አ. በ1997 ‹‹ሃይፐርቦሊክ›› የሚባለውን፣ በወረቀት ሠርቶ ማሳየቱ እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ገጽታ በኪሮሽ ሠርተው አሳዩ። ዘዴው ሆን ብሎ በየዙሩ መጨመር ነበር። ‹‹የሴቶች ጊዜ ማሳለፊያ›› የሚባለው ነገር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲያስተምር አስቡት!

በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ስትከተሉ አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካኖች ‹‹ሲንግል ክሮሼ›› የሚሉትን ጥልፍ እንግሊዞች ‹‹ደብል ክሮሼ›› ይሉታል። ጥልፉ ያው ነው፤ ስሙ ነው የተለያየው። መመሪያው የየትኞቹ እንደሆነ ሳታጣሩ ከጀመራችሁ ጫጩቷ ግመል ልትሆን ትችላለች።

ሌላው ወጥመድ የዘመናችን ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ የአሻንጉሊት ፎቶዎች ኢንተርኔቱን ሞልተውታል፤ ከነሱም ጋር መመሪያ እንሸጣለን የሚሉ አሉ። ፎቶውን አጉሉት። ጥልፎቹ ረድፍ ይዘው የማይሄዱ፣ እንደ ፀጉር ወይም እንደ ጭጋግ የሚቀልጡ ከሆኑ፣ ያቺን አሻንጉሊት ማንም ሠርቷት አያውቅም፤ ልትሠራም አትችልም። አንዲት እንቁላል በእጃችሁ ከሠራችሁ በኋላ ዓይናችሁ ይህን ይለያል። ከመሥራት በፊት ግን አይለይም።

ደግሞ ለሕፃን የምትሰጡ ከሆነ፦ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የፕላስቲክ ዓይን፣ ቁልፍ፣ ጨሌ አታድርጉ። ሕፃን ያገኘውን ወደ አፉ ነው የሚወስደው፤ ተነቅሎ ያንቀዋል። ዓይኑን በክር ስፉት። እግርና ክንፉንም ጎትታችሁ ፈትኑ፤ በእናንተ እጅ የተላቀቀ በሕፃን ጥርስም ይላቀቃል።

‹‹ታዲያ ትሸጪዋለሽ?››

ጫጩቷን ሠርታችሁ ለሰው ስታሳዩ ከሁለት ጥያቄዎች አንዱ ይመጣል። ለሴት ከሆነ ‹‹ታዲያ ትሸጪዋለሽ?›› ለወንድ ከሆነ ‹‹ምነው፣ ደህና ነህ?››

ከሁለተኛው እንጀምር። በሀገራችን ፈትሉ የሴት ከሆነ ሽመናው የወንድ ሆኖ የኖረ ነው። ሽሮ ሜዳ የምትገዙትን ጥበብ ጥለት ጥሎ የሸመነው በአብዛኛው ወንድ ነው። ክር መያዝ ወንድነትን የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ የኢትዮጵያ ነጠላ ገና ድሮ ባለቀ ነበር። እንግሊዛዊው የውሃ ዝላይ ስፖርተኛ ቶም ዴሊ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ወርቅ አግኝቶ፣ ተመልካች መቀመጫ ላይ ሹራቡን ሲሠራ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ስለዚህ ወንድም፣ ኪሮሹን አንሳ፤ ምንም አትሆንም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። እኛ ሁሉን ነገር ወደ ገበያ በሚወስድ ዘመን ነው ያደግነው። ዳቦ ከጋገርሽ ዳቦ ቤት ክፈቺ፤ ፀጉር ከሠራሽ ሳሎን ክፈቺ፤ ኪሮሽ ከያዝሽ ገጽ ክፈቺና ሽጪ። ሥራ ለጠፋበት ወጣት ይህ ክፉ ምክር ነው አንልም። ሊሸጥ ይችላል፤ ተሽጦም ቤት ያቀና ነው። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አየርላንድ ውስጥ ድንቹ በበሽታ ሲጠፋና ሕዝቡ በረሃብ ሲረግፍ፣ የገዳም እናቶችና በጎ አድራጊ ሴቶች ድሃውን ኪሮሽ አስተማሩት። ያ ዳንቴል በየሀብታሙ ቤት ተሽጦ ብዙ ቤተሰብ ከሞት ተርፏል።

የምንቃወመው ሳይቆጥሩ መሸጥን ነው። እስቲ እናስላው። የእናንተ እንቁላል 234 ጥልፍ ናት። ጀማሪ በደቂቃ ሦስት ጥልፍ ቢሠራ 78 ደቂቃ ነው፤ መፍታቱና መበሳጨቱ ሳይቆጠር። አሁን ራስ፣ ገላ፣ ሁለት እጅ፣ ሁለት እግርና ሁለት ጆሮ ያላትን ጥንቸል አስቡ። 2,000 ጥልፍ ትፈልጋለች እንበል። የለመደች እጅ በደቂቃ አሥር ብትሠራ 200 ደቂቃ ነው፤ ከሦስት ሰዓት በላይ። ከዚያ ስምንቱን ክፍል መጠቅጠቅና ሳይጣመሙ መስፋት አለ። ግማሽ ቀን ሄደ። አብዛኛዋ ሻጭ ግን ዋጋ ስታወጣ የምትደምረው የክሩን ብር ነው። በላዩ ላይ ትንሽ ጣል ታደርግና ‹‹እኔማ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የሠራሁት›› ትላለች።

እሷን ይህን ያስተማራት ማን ነው? መልሱን ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ያ ሶፋ ላይ የነበረው ዳንቴል ስንት ሰዓት እንደፈጀ የቆጠረ ነበር? ቡና እስኪፈላ፣ ልጅ እስኪተኛ፣ እንግዳ እስኪመጣ እየተባለ ሦስት ወር የተሠራ ሥራ ‹‹ጊዜ ማሳለፊያ›› ነው የተባለው። ባለሙያ መሆኗ ተመስግኗል፤ ሰዓቷ ግን አልተቆጠረም። ልጇም የወረሰችው ይህንኑ ነው። ጥበቡ ሳይወረስ ዋጋ ቢስነቱ ተወረሰ።

በዚህች ሀገር የእጅ ሥራን መናቅ ትላንት የተጀመረ አይደለም። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ሸማ የሚሸምነው በሙያቸው ሲሰደቡ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስድቡ ቀለል ብሏል። ‹‹ለክር ነው ይሄ ሁሉ?›› ግን የዚያው ስድብ የልጅ ልጅ ነው፤ ዘመናዊ ልብስ ለብሶ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ።

ይህን አዋጅ አያስቆመውም፤ ስብከትም አያስቆመውም። የሚያስቆመው 234 ጥልፍ ነው። አንዲት ጫጩት በእጁ የሠራ ሰው፣ አንገቱን ያመመው፣ አሥራ አንደኛው ዙር ላይ ቁጥር ጠፍቶበት የፈታ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የማንንም የእጅ ሥራ አንስቶ ‹‹ለክር ነው?›› ለማለት አፉ አይታዘዝለትም። ሻጭም ብትሆን የሰዓቷን ዋጋ ሳታፍር ትጠይቃለች። ገዢም ቢሆን መግዛት ካልቻለ ‹‹አቅሜ አይደለም›› ብሎ በክብር ያልፋል። ‹‹አቅሜ አይደለም›› እና ‹‹ዋጋው አይደለም›› የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያዋን ጫጩት አትሽጧት። መጣመሟ አይቀርም፤ አንዱ ዓይኗ ከሌላው ከፍ ይላል። ኪሮሽ ላስያዘቻችሁ እናት፣ አክስት ወይም እትዬ ስጧት። ስትሰጡም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ‹‹ያ የሶፋው ዳንቴል ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?›› መጀመሪያ ትስቃለች። ‹‹እኔ እንጃ፣ ማን ቆጥሮት!›› ትላለች። ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ቀስ ብላ መቁጠር ትጀምራለች።

በሉ እንግዲህ፣ መጪው ቅዳሜ ይጀመር። አንድ ክር፣ አንድ ኪሮሽ፣ አንዲት መርፌ ቁልፍ። ቸር ሰንብቱ!